እግር ስንሠራ ያየሁት

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን አንዲት የጎረቤት ልጅ፣ «እትዬ ሙሉ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሥራዎ ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «እግር እሠራ ነበር» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ሠራሽ እግር ስሠራ ኖሬ ነገሩ ዛሬም ለራሴ ይገርመኛል። ሰው በክራንች ተንጠልጥሎ ይገባል፤ ሲወጣ ቆሞ እየተራመደ ነው። ይህን ያየ ዓይን ቶሎ አይለምደውም።

ከመውጣቴ ጥቂት ቀደም ብሎ መሥሪያ ቤታችን አዲስ መሣሪያ መጥቶለት ነበር። የታካሚውን እግር ዙሪያውን በብርሃን ይቃኘዋል፤ ምስሉ ኮምፒውተር ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ወጣቶቹ ከላይም ከታችም ከጀርባም እያዞሩ ያዩታል። ቆሜ ስመለከት አንዱ፣ «ገረመዎት አይደል?» አለኝ። አዎ፣ ገርሞኛል። የገረመኝ ግን እሱ በመሰለው ምክንያት አልነበረም። እንደዚያ የሚዞር ምስል ከብዙ ዓመት በፊት፣ መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ቤት፣ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሲዞር አውቅ ነበር። የዚያን ሰው ነገር ሳልጽፈው ብቀር ቅር ይለኛል።

ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ከእንጦጦ ሥር፣ ቁስቋም ነው። ትምህርቴን ዊንጌት አካባቢ ስጨርስ ጉብዝናዬ ቴክኒካል ድሮዊንግ ላይ ነበር፤ ማስመሪያና ኮምፓስ ከያዝኩ ማንም አይቀድመኝም። ካርታ የሚነሣበት ወይም ሕንፃ የሚነደፍበት መሥሪያ ቤት እገባለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ ደርግ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ እዚያው ጉለሌ ወደሚገኝ የሰው ሠራሽ አካል መሥሪያ ተመደብኩ። እናቴ ስትሰማ አማተበች። «የሬሳ እግር ነው የምትነኪው?» አለችኝ። ደሞዙ እንደ ጊዜው ነበር፤ እሱን ልተወው።

መሥሪያ ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ረጅም አዳራሽ ነው። በአንዱ ጫፍ ጄሶ ይቦካል፣ በሌላው ጫፍ እንጨት ይላጋል፣ መሀሉ ላይ ታካሚዎች የሚለማመዱበት ሁለት ረጃጅም የብረት መደገፊያ አለ። የእንጨቱን ክፍል የሚመሩት ጋሽ አልታዬ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ሽሮ ሜዳ ያደጉ የጋሞ ሰው ናቸው፤ አባታቸው ሸማኔ ነበሩ። እሳቸው ግን የጥጡ ብናኝ ደረታቸውን ስለሚያፍናቸው በልጅነታቸው ሸማውን ትተው አናጢ ሆነዋል። ቀጭን፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ ሰው ሲያወራቸው ከፊቱ ይልቅ እግሩን የሚያዩ ሰው ነበሩ።

የመጀመሪያ ቀን መሮ ወይም ሞረድ ይሰጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው በርጩማ አምጥተው መስኮቱ ሥር አኖሩልኝ።

«ተቀመጪ። ያን ሰውዬ እይው።»

ዘበኛችን ግቢውን አቋርጦ ወደ በሩ ይሄድ ነበር። አየሁት። ከዓይን ሲሰወር፣ «በይ አሁን ዓይንሽን ጨፍኚና ሲሄድ እይው» አሉኝ።

«ሄደ እኮ ጋሼ።»

«ከግቢው ሄደ። ካንቺ ለምን ይሄዳል?»

ዓይኔን ጨፈንኩ።

«የትኛው ትከሻው ነው ዝቅ የሚለው?»

«አላየሁም።»

«ተረከዙ መሬት ሲነካ ጉልበቱ ታጥፏል ወይስ ቀጥ ብሏል?»

«እ… አላውቅም ጋሼ።»

ከሲሚንቶ ከረጢት የተቀደደ ወረቀትና እርሳስ ሰጡኝና ሣይው አሉኝ። ሣልኩት። በሥዕሌ የምኮራ ልጅ ነበርኩና ቆንጆ አድርጌ ሣልኩት። ወረቀቱን አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበሉት።

«ይኼ ማነው?»

«ዘበኛው ነዋ።»

«አይደለም። ይኼ ከመጽሐፍ የምታውቂው ሰው ነው። ዘበኛውን ገና አላየሽውም።»

ተናደድኩ። ዘበኛው ሲመለስ በእልህ አፈጠጥኩበት። ያኔ ግራ እግሩ ወደ ውጭ ከፈት ብሎ እንደሚያርፍ፣ ባረፈ ቁጥር ቀኝ ትከሻው እንደ ሚዛን እንደሚነሣ፣ የጫማው አንድ ጎን ተበልቶ እንዳለቀ አየሁ። ጠዋት ስገባ በር የከፈተልኝ ሰው ነው! አንድ ሰው በእርምጃው ውስጥ ይህን ያህል ነገር ይዞ እንደሚዞር ሳውቅ አንድ ነገር ደረቴ ላይ ሞቅ አለኝ። ንዴቱም በዚያው ጠፋ።

የጋሽ አልታዬ ትምህርት ከዚያ ቀን ጀምሮ ይኸው ነበር። እዪ፣ ጨፍኚ፣ ከትዝታሽ ሣዪ፣ እንደገና እዪ፣ የተሳሳትሽውን በቀይ አርሚ። ቀዩ እያነሰ ሲሄድ ዓይንሽ ተከፈተ ማለት ነው ይሉኝ ነበር። የሣልኩትን ወረቀት ግን አያስቀምጡም፤ ምድጃ ይለኩሱበታል። «ወረቀቱ ምን ያደርግልሻል? የሣለችው ዓይን ካንቺ ጋር ናት» ይላሉ።

አንድ ጊዜ ደግሞ፣ «ነገ ስትመጪ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች የአንዷን ጀርባ ይዘሽልኝ ነይ» አሉኝ። እነዚያን ሴቶች ከልጅነቴ ጀምሮ በደጃችን ሲያልፉ አውቃቸዋለሁ። በማግስቱ ቁስቋም ቁልቁለቱ ላይ ቆሜ አንዷን ተከተልኳት። ሸክሙ ከቁመቷ ይረዝማል፤ ከኋላ የሚታየው ጭራሮና ሁለት ቀጫጭን እግር ብቻ ነው። ከጉልበቷ በላይ ሰውነቷ ሁሉ ታስሮ፣ እርምጃውን የምትሠራው በአጭር በአጭሩ፣ ጉልበቷን ሳትዘረጋ፣ ዳሌዋን እንደ ማጠፊያ ቀኝና ግራ እያላወሰች ነበር። ቁልቁለቱ ሊጥላት ሲል ክብደቱን ወደ አንዱ ዳሌ ትልከዋለች፤ ድንጋይ ሲያጋጥማት ወደ ሌላው። ያንን ሁሉ ስታደርግ ከጓደኛዋ ጋር ስለ ሌላ ነገር እያወራች ነው። ሥራ ቦታ እንደደረስኩ ሳልቀመጥ ሣልኳት። እዚያው ደጄ ላይ እንዲህ ያለ ተአምር ሲወርድ ኖሮ እኔ «መንገድ ልቀቁ» ብቻ ስል ነበር ያደግሁት።

ከዓይን ቀጥሎ ያስተማሩኝ በእጅ ማየትን ነው። ጆንያ ውስጥ የበር ማጠፊያ፣ የበግ ጉልበት አጥንት፣ አንድ ጊዜም የቧንቧ ክርን ከትተው እጄን አስገብቼ እየዳበስኩ እንድሥል ያደርጉኛል። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሙቀጫው ነበር። ሙቀጫውን ስሥል «እሱን ተዪው፤ ውስጡ ያለውን ባዶ ሣይልኝ» አሉኝ። ባዶ ምን ተብሎ ይሣላል? ስጨነቅ፣ «ውሃ ሞልተሽ ውሃው እንደ ቅቤ ቢረጋና እንጨቱን ብትሰብሪው ምን ይቆማል?» አሉኝ። ያኔ ታየኝ። ሥራችን ለካ ባዶ መሥራት ነው። የታካሚው የቀረ እግር የሚገባበት ጎድጓዳ ከውጭ ቢያምር ባያምር ለሰውየው ምኑም አይደለም፤ የሚያቆመው ወይም የሚያቆስለው ውስጡ ያለው ባዶ ነው።

የእሳቸውን ችሎታ በምን ልንገራችሁ? ከታካሚው እግር የተወሰደውን የጄሶ ቅርጽ አንሥተው አንዴ በእጃቸው ያገላብጡታል፤ ያስቀምጡታል። ከዚያ ምሳ እየበላን ሳለ፣ ጉርሻው እጃቸው ላይ እንዳለ ቀጥ ይሉና፣ «የዚያ የመርሐቤቴ ልጅ እግር ከኋላ በኩል ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ይነካዋል፤ እዚያ ጋ ሳሳ አድርጊው» ይሉኛል። ቅርጹ አዳራሹ ውስጥ ነው፤ እኛ ውጭ ዛፍ ሥር ነን። ሄጄ ስለካው ልክ እንዳሉት ነው። አንድ ቀን «እንዴት አድርገው ነው የሚያዩት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አባቴ ጥለት ሲሠሩ ፊታቸው ሥዕል የለም» አሉኝ። «ድሩን እያየሁ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ድንገት እጃቸውን ያቆሙና ‘ቀጥሎ የትኛው ቀለም ይመጣል?’ ይሉኛል። ካላወቅሁ አይቀጥሉም፤ ይጠብቁኛል። ገበያው ቢደርስም ይጠብቁኛል። እንግዲህ አባት እንዲህ ሲጠብቅ ልጅ ምን ያደርጋል? ገና ያልተሠራውን ማየት ይለምዳል።»

እኔም ቀስ በቀስ ለመድኩ። አውቶቡስ ስጠብቅ አዲሱ ገበያ ላይ የሰው እግር በዓይኔ እሰበስባለሁ፤ በፖለቲካ ውይይት ክበብ ስብሰባ ዓይኔን ጨፍኜ በጭንቅላቴ ጉልበት አዞራለሁ። እንቅልፍ የወሰደኝ መስሏቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ተገሥጫለሁ።

በሰሜን ያለው ጦርነት እየበረታ ሲሄድ አዳራሹ ሞላ። ኃላፊያችን ጓድ ፍሥሐ ሙያውን ውጭ አገር የተማረ፣ ሥራ የሚያውቅ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር። «ጋሽ አልታዬ፣ ሰዎቹ ቆመው እስከሄዱ ድረስ ቀጣዩን እናስገባ» ይል ነበር። ሲል ግን ድምፁ ልመና ነበረው። የሚጠብቁትን ደጅ ላይ እያየ ምን ይበል?

መስቀሌ የመጣው በዚያ ጊዜ ነው። ከሽሮ ሜዳ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ፣ ፈንጂ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ያሳጣው ወጣት ነበር። በዕድሜ የእኔ እኩያ ይሆናል። ተጫዋች ነው፤ ጄሶው ሲደርቅበት «እህቴ፣ በዚህ ብርድ ካልሲም አትጨምሪልኝ?» ይለኛል። ለእሱ የሠራነው እግር በዚያ ዓመት ከሠራናቸው ሁሉ ይበልጥ ያማረ ነበር። ውስጡን እኔ ሞረድኩ፤ ጋሽ አልታዬ ጣታቸውን አስገብተው ዳበሱና ምንም ሳይሉ መለሱልኝ። ከእሳቸው ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። መስቀሌ ተለማምዶ ያለ ዱላ በበሩ ሲወጣ አዳራሹ አጨበጨበ። ሚስቱ አስቴር እልል አለች።

ከወራት በኋላ ተመልሶ መጣ። እግሩን ብብቱ ሥር ይዞት ነበር።

«መራመዱንማ እራመድበታለሁ» አለ፤ ያ ጨዋታው የለም። «እንጀራዬ ግን ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው።»

ሸማኔ ነው። ሸማኔ ደግሞ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ታች ሰድዶ፣ የመርገጫውን ገመድ በጣቶቹ መሀል ይዞ ነው የሚሠራው። ድሩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም እግሩ ነው። እኛ የሠራንለት እግር ጫፉ ድፍን ጎማ ስለሆነ ገመድ አይዝም። በኃይል ሲረግጠው ደግሞ ጎድጓዳው የተቆረጠውን አጥንቱን ይቆረቁረዋል። ሚስትና ልጅ ይዞ ምን ያድርግ፤ እየቆሰለም ሲረግጥ ሰነበተ። ጨርቁን ስፈታው ሽታው ቀደመኝ። ሆስፒታል ላክነው፤ ቁስሉ አጥንቱን ነክቶ ስለነበር ከላይ ጨምረው ቆረጡት። ከጉልበቱ በታች የቀረው ከመዳፍ ብዙ የማይበልጥ ነበር። ሐኪሙ ከእንግዲህ ቢቆስል ጉልበቱም አይተርፍም አሉ።

ጋሽ አልታዬን እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። መላጊያቸውን ዘቅዝቀው አስቀመጡና ሥራ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ለቀናት ዓይናቸውን ጨፍነው ማየታቸውንም ተዉ። አንድ ቀን ሻይ ሳቀብላቸው፣ «ሲሄድ አየሁት። ሲቀመጥ አላየሁትም» አሉኝ። «እኔ! ያባቴን እግር ጉድጓድ ውስጥ እያየሁ ያደግሁት ሰውዬ።» ሻዩን ሳይጠጡት በረደ።

የመስቀሌ ቁስል ሲሽር ግን ራሳቸው ተነሥተው «ነይ እንሂድ» አሉኝ። ጓድ ፍሥሐን ሲያስፈቅዱት ደጅ የተኮለኮለውን ሕዝብ አየ፤ ከዚያ እኛን አየ። «ሂዱ፤ ቆዳም ብረትም የፈለጋችሁትን ውሰዱ» አለ።

ሽሮ ሜዳ፣ መስቀሌ ቤት፣ ጉድጓዱ ጠባብና ጨለማ ነው። የእሱን ቦታ ለጊዜው ወንድሙ ይዞ ይሠራ ነበር። ከላይ ሆኖ እግሩን ማየት ስለማይቻል መሬቱ ላይ በሆዴ ተኛሁና አንገቴን ወደ ጉድጓዱ ሰደድኩ። አስቴር «ቀሚስሽ!» ብላ ጮኸች። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሁለቱን እግሮች አየኋቸው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፤ ጣቶቹ ገመዱን እንደ ከንፈር ያዝ ለቀቅ ያደርጉታል። ከላይ የክሩ መወርወሪያ ወዲያ ወዲህ ይበራል፤ ከታች እግሮቹ ሰላምታ እንደሚሰጣጡ ሽማግሌዎች ከፍ ዝቅ ይላሉ። ልብሳችን ሁሉ፣ የበዓል ነጠላው፣ የሙሽራ ቀሚሱ፣ ከዚህ ጨለማ ውስጥ እንደሚወጣ ሳስብ እዚያው ተኝቼ ቀረሁ።

ያየሁትን ደጋግሜ ሣልኩ። መጀመሪያ ያሰብነው ገመድ የሚይዝ ጣት መሥራት ነበር። ከእንጨት ሞከርን፤ ገመዱን ያዘው፤ ሆኖም መስቀሌ አንዴ ሲረግጥ ፊቱ ተለወጠ። አሁንም አጥንቱ ላይ ነው ያረፈው። ጋሽ አልታዬ ወዲያው አስቆሙት።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ሥዕሌን ይዤ ተቀምጬ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ የወንድምየውን እግር ከታች ጀምሬ በላጲስ ማጥፋት ያዝኩ። ጣቶቹን አጠፋሁ። ተረከዙን አጠፋሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ሳየው መርገጡን አላቆመም። አገዳውንም አጠፋሁ። አሁንም ይረግጣል! ወረቀቱ ላይ የቀረው ጭን ብቻ ነው፤ ጭኑ ግን ይነሣል፣ ይወርዳል። እግር ይሠራዋል ያልነውን ሥራ ለካ ከላይ ሆኖ የሚሠራው ጭን ኖሯል።

«ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። «አጥንቱ ምንም መንካት የለበትም። ባዶ ውስጥ ይንጠልጠል!»

መጡ። ወረቀቱን አዩ፤ የጠፋውን አዩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምን ያህል እንደቆዩ አላውቅም፤ አዳራሹ ውስጥ መዶሻ ይጮሃል፣ ሰው ይጣራል፣ እሳቸው ግን ጨፍነው ቆመዋል። ከዚያ ቀኝ እጃቸው ብቻውን አየር ላይ መሥራት ጀመረ። ጭን የሚያቅፍ ቆዳ፤ ከቆዳው በግራና በቀኝ የሚወርድ ቀጭን ብረት፤ ጉልበቱ ጋ ማጠፊያ፤ ከታች ብረቶቹን የሚያገናኝ አጭር እንጨት። ጣታቸው እንጨቱ ጫፍ ጋ ሲደርስ አመነታና ዞር አለ። «አንገት ያስፈልገዋል» አሉ። «ገመዱ ሲወጣም እንዳያመልጥ። እንደ እንዝርት ጫፍ።» እያንዳንዷን ነገር እኔም አየኋት። በሁለታችን መካከል አየር ላይ ቆማ ነበር ብል ያመነኝ ይመነኝ። በሕይወቴ ቅዳሴ ላይ ካልሆነ በቀር እንደዚያ ቆሜ ፀጥ ያልኩበት ጊዜ የለም።

ሠራነው። መልኩ አያምርም፤ እግርም አይመስልም። የገረመው ጓድ ፍሥሐ ነበር፤ ይዞት እያገላበጠ፣ «ይህንን የት ነው ያያችሁት?» አለ። ጋሽ አልታዬ ወደ እኔ ጠቆሙና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሽሮ ሜዳ ይዘንለት የሄድን ቀን መስቀሌ ማጠፊያውን በጣቱ አጠፍ ዘርጋ አድርጎ ሞከረው። ጭኑ ላይ አሰርንለት። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ተጎንብሼ ገመዱን እንጨቱ አንገት ላይ አስገባሁለት። የቀረው እግሩ በብረቶቹ መሀል ምንም ሳይነካ ተንጠልጥሏል። ረገጠ። ድሩ ተከፈተ። ፊቱን አየሁት፤ አልተለወጠም። መወርወሪያውን ላከ፤ ክሩን መታ፤ በሌላኛው ረገጠ። መጀመሪያ ላይ ይደናቀፍ ነበር፤ ገመዱ ሁለት ጊዜ አመለጠው፤ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብሎ ራሱ መለሰው። ከዚያ ድምፁ እየተስተካከለ መጣ። አስቴር ልጇን አቅፋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

እኔና ጋሽ አልታዬ ደጃፉ ላይ ቆመን ቀረን። ከታች የሥጋ እግርና የእንጨት እግር ተራ እየተሰጣጡ ይሠራሉ፤ ከላይ ነጩ ሸማ ጣት በጣት ያድጋል። ጋሽ አልታዬ ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ አፍጥጠው ነበር የሚያዩት፤ ጉንጫቸው ረጥቧል። እነሱም «ቆዩ» አላሉን፤ «ሂዱ» አላሉን።

መስቀሌ እጁን ሳያቆም ቀና አለ።

«ጋሼ» አለ፣ «በሩ ላይ ቆማችሁ እኮ ብርሃኑን ጋረዳችሁብኝ።»